ያላለፈው መኪና

መብራቷ ሣር ውስጥ ወድቃ አሁንም ብልጭ ድርግም ትላለች። ልጅቷን ከወሰዷት ሁለት ሰዓት አልፏል። ብስክሌቷ የኋላ ጎማው እንደ ቂጣ ታጥፎ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተጋድሟል። ኢንስፔክተር በዛብሽ ጎንበስ ብላ ያቺን ቀይ መብራት ከደረቁ ሣር መሐል አነሳቻት፤ ማጥፊያ ቁልፏን ብትፈልግ ብትፈልግ አጣችው፤ እንደበራች በላስቲክ ከረጢት ከተተቻት። በጠራራ ፀሐይ የምታበራ መብራት እንዲህ ሆድ ታባባለች ብሎ ማን ይገምታል!

ሟቿ ረሆቦት እንዳሻው ናት። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። በዚያ በ2014 ዓመተ ምሕረት ነገሌ ቦረና ውስጥ ረሆቦትን የማያውቅ ቢገኝ፣ ትናንት የመጣ እንግዳ ብቻ ነው። በየማለዳው የፊልቱን መንገድ ይዛ ስትበር ግመል ነጂው ሁሉ ስሟን እየጠራ ሰላም ይላታል። ጥር ሲያልቅ ለብሔራዊ ቡድን ምርጫ አዲስ አበባ ልትሄድ ቦርሳዋን ሸክፋ ነበር። ዓርብ ጠዋት ግን ከከተማው ዐሥራ ስድስት ኪሎ ሜትር ላይ፣ ረጅሙ ቁልቁለት ሊያልቅ ሲል፣ መኪና ከኋላዋ ገጫት።

«ነገሩ ያለቀ ነው» አለ ሳጅን ከተማ፣ ላቡን በመዳፉ እየጠረገ። ከተማ የተልተሌ ልጅ ነው፤ አርባ ዓመት የሞላው፣ ሆዱ ከቀበቶው የቀደመ፣ ልቡ ደግ፣ ፍርዱ ችኩል። «ሹፌሩ በእጃችን ነው። ጎዳና ይባላል፤ ፍየል የሚጭን የኢሱዙ ሹፌር። ሸሚዙ ደም፣ ጋቢናው ደም፣ የፊት መብራቱ ስብርብር ያለ። ከዚህ በላይ ምን እንፈልጋለን?»

«የት ያዛችሁት?»

«ሆስፒታል በር ላይ።»

«ሆስፒታል ምን ሊሠራ ሄደ?»

«እሷን ይዞ ነዋ! ሐኪሙ ስትደርስ ሕይወቷ አልፎ ነበር ነው የሚለው።»

በዛብሽ ቀና ብላ አየችው። «ገጭቷት ከሆነ ለምን አልሸሸም?»

«ደንግጦ ይሆናላ፤ ሰው አይደለም እንዴ?»

በዛብሽ በዚህ መንገድ ላይ ዐሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች፤ ሰው ገጭቶ የሚደነግጥ ሹፌር እግሩ ወዴት እንደሚሄድ ታውቃለች። ወደ ነዳጅ ነው የሚሄደው። መሬቱን ስታይ ምልክት የሚባል ነገር አልተረፈም፤ ከአደጋው ወዲህ ያለፈ የግመል መንጋ ሁሉን ረግጦታል። አንድ ነገር ብቻ ለዓይኗ ግልጽ ነበር። ከከተማው ዳር እስከ ቁልቁለቱ ታች መገንጠያ መንገድ የለም፤ ግራው ገደል፣ ቀኙ የግራር ጥሻ ነው።

ጣቢያው በር ላይ የጎዳና ሚስት ዲንኪቱ ሕፃን አዝላ ፀሐይ ላይ ቆማ ጠበቀቻት።

«እትዬ» አለቻት፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየያዘች፤ «ባሌ የወደቀ አነሳ እንጂ የቆመ አልጣለም። እሱን ካሰራችሁ ከእንግዲህ ማን የወደቀ ያነሳል?»

«ሰኞ መዝገቡ ዐቃቤ ሕግ ጋ ይሄዳል። እስከዚያ ጊዜ አለኝ» አለች በዛብሽ። ከዚህ የተሻለ ቃል አልነበራትም፤ አፍራ ገባች።

ጎዳና አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ የደረቀ ደም ያለበትን እጅጌውን ያያል። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው።

«አካም ቡልቴ?» አለችው፣ እንዴት አደርክ ስትል በኦሮምኛ።

«ናጋ» አለ፣ ትከሻው ትንሽ ረገብ ብሎ።

«ከየት ነበር የምትመጣው?»

«ከፊልቱ ወደ ነገሌ። ልጅቷ ወደ እኔ ነበር የምትመጣው፤ እኔ ከኋላዋ አልመጣሁም። ግመሎች መንገዱን ሞልተው ፊቴን ከልለውብኝ ነበር፣ ጠባቂ የላቸውም። ክላክስ ነፋሁ፣ ቆይተው ወጡ። ያኔ ነው ወድቃ ያየኋት።»

«ሌላ መኪና አልነበረም?»

«አላየሁም።»

«የፊት መብራትህስ?»

«ከገና በፊት ነው የተሰበረው።»

«ማን ያውቃል?»

«ዋቃ ያውቃል» አለ ጎዳና ወደ ሰማይ አንጋጦ። ትንሽ አሰበና፣ «ፊልቱ ያለው መካኒክም ያውቃል።»

ከተማ ሳይወድ ሳቀ። በዛብሽ ግን ወደ ፊት ዘንበል ብላ፣ «ሹፌሮች የወደቀ ሰው እንደማያነሱ አውቃለሁ። አንተ ለምን አነሳሃት?» አለችው።

«ወንድሜ ዱብሉቅ መንገድ ላይ ነው የሞተ። ሦስት መኪና እያየው አለፈው። እናቴ እስከ ዛሬ እነዚያን ሦስት መኪኖች ትራገማለች። እኔ አራተኛ አልሆንም አልኩ።» ከዚያ አንገቱን ደፋ። የሚናገረው ሌላ ነገር ያለ ይመስል ነበር፤ ግን አልተናገረም። በዛብሽ አላስገደደችውም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ልቅሶው ቤት ሄደች። ድንኳኑ ከጦር ካምፑ አጥር አጠገብ ተተክሏል፤ ወታደሩ፣ መምህሩ፣ ነጋዴው፣ የገጠሩም ሰው ሞልቶታል። እናቷ እሙሽ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ፣ ድምጿ አልቆ፣ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። አባቷ ጡረተኛው ሻምበል እንዳሻው ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ወንበር ላይ ተገትሯል። ከጎጃም ለውትድርና መጥቶ ነገሌ የቀረ ሰው ነው፤ ከአንዲቷ ልጁ በቀር ያፈራው ሀብት የለውም።

«መሣሪያውን እኔ ነኝ የገዛሁላት» አለ፣ በዛብሽ አጠገቡ እንደተቀመጠች። «ከናይሮቢ በሞያሌ በኩል አስመጣሁት። መብራትም ነው፣ ራዳርም ነው። ከኋላ መኪና ሲመጣ ገና በሩቁ ያውቃል፤ መሪዋ ላይ ያለችው ትንሽ ስክሪን ትጮኽላታለች። ኋላሽን አይ እያልሽ አንገትሽን አታዙሪ፣ ሚዛንሽን ትስቻለሽ አልኳት። ካልጮኸ ማንም የለም አልኳት።» ወደ እሷ ዞረ። «ንገሪኝ በዛብሽ፣ መሣሪያው ነው የከዳት?»

«ገና አላወቅኩም፣ ሻምበል።»

«ያ ሹፌር እጄ ቢገባ…»

«እጅዎ አይገባም። እኔ ጋ ነው።»

ድንኳኑን በሥርዓት ያስያዘው አረሮ ነበር። አረሮ የብስክሌት ቡድኑ አሠልጣኝ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ አምሳ ዓመት የተጠጋ የዱብሉቅ ቦረና። ረሆቦትን ስድስተኛ ክፍል እያለች የጎረቤት ብስክሌት ሰርቃ ስትነዳ ያያት እሱ፣ እናቷን ለምኖ ያስፈቀደው እሱ ነው። ወንበር ያመጣል፣ ሽማግሌ ይቀበላል፣ ውሃ ያድላል። አንዲት ጎረቤት ንፍሮ በሳህንና ውሃ በኩባያ ስታቀርብለት ግን ተቀብሎ አጠገቡ ለተቀመጠው ሰው አሳለፈ።

«መኪናህስ አረሮ? ዛሬ በእግርህ ነህ» አለችው በዛብሽ።

«ክላቹ አስቸገረኝ። ቆሟል።»

«ልጅቷን በመኪናህ ታጅብ አልነበር?»

«ድሮ ነዋ። ሻምበል ራዳሩን ከገዙ ወዲህ ተውኩ።» ይህን ብሎ የሚያመጣው ወንበር ያለ ይመስል ፈጥኖ ሄደ። ሐዘን ሰውን እንዲህ ያሯሩጣልና በዛብሽም አልፈረደችበትም።

ቅዳሜ ጠዋት በዛብሽና ሳጅን ከተማ ወደ ቢረሳው ሱቅ ገቡ። ቢረሳው ብስክሌት ይሸጣል፣ ይጠግናል፤ ራዳሩን ብስክሌቷ ላይ የገጠመው እሱ ነው። ከተማ ገና ሳይቀመጥ፣ «አሳስተህ ገጥመኸው እንዳይሆን!» አለው።

«እኔ?» ቢረሳው መፍቻውን ጠረጴዛ ላይ ወረወረ። «ሃያ ዓመት ብስክሌት የፈታሁ ሰው! ደግሞስ ሳጅን፣ የሚገጠመው በአንድ ብሎን ነው፤ አንተም ብትሆን አትስተውም።»

«ተወው» አለች በዛብሽ እየሳቀች። «ይልቅ አስተምረኝ። መብራቱና ራዳሩ ልዩነታቸው ምንድን ነው?»

ቢረሳው በሙያው ሲጠየቅ ቁጣው በረደ። ከመደርደሪያው አንድ ቀይ መብራት አውርዶ አበራላት። «የኋላ መብራት ለሹፌሩ ነው፤ እሱ እንዲያይሽ። ስለዚህ ሲመረጥ ቆንጆነቱ አይታይም። በቀን ፀሐይ ከሩቅ ይታያል ወይ? ባትሪው ልምምዱ ሳያልቅ ያልቃል ወይ? ይኼ ነው ጥያቄው። ራዳር ደግሞ ለነጂዋ ነው፤ እሷ እንድታውቅ። የሻምበል ሁለቱን ባንድ የያዘ ነበር፣ ጥሩ ዕቃ ነው። አረሮ ግን ጠላው።»

«ለምን?»

«‹ጆሮ የገዛ ሰው አንገቱን ይረሳል› አለ። የሚታይ መብራት ይብቃት፣ ኋላዋን በራሷ ዓይን ትይ፣ እኔም በመኪና ልከተላት ነው ያለው። እዚሁ በር ላይ ከሻምበል ጋር ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ ሻምበል፣ ‹በጭስህ ሳንባዋን አታቃጥል፤ ከዛሬ ጀምሮ እንዳትከተላት› ብለውት ሄዱ።»

በዛብሽ የላስቲክ ከረጢቱንና የመሪውን ትንሽ ስክሪን አወጣች። ሁለቱም ጭረት እንጂ ስብራት የለባቸውም። ቢረሳው ስክሪኑን ከስልኩ ጋር አገናኘና ለረጅም ጊዜ አቀርቅሮ አነበበ።

«ይኼ ነገር ሁሉን ይመዘግባል» አለ በቀስታ። «ዓርብ ጠዋት ከቤት የወጣችው ዐሥራ ሁለት ተኩል ካለፈ በኋላ ነው። ከኋላዋ ሦስት መኪና ቀርቧል። ሁለቱ አልፈዋታል።»

«ሦስተኛውስ?»

«ዐሥራ ሁለት ከሃምሳ ላይ ቀረበ። ከዚያ ጠፋ። አላለፈም። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። አንድ ሰዓት ከሰባት ላይ ፍጥነቷ ካርባ ስምንት ዜሮ ገባ።»

«ሲገጫትም ምንም አልመዘገበም?»

«ምንም።»

«አላልኩም? ተበላሽቷል!» አለ ከተማ።

«ወይም መኪናው ወደ ጎን ተገንጥሏል» አለ ቢረሳው።

«መገንጠያ የለም» አለች በዛብሽ። «ገደልና ጥሻ ነው። ከተማ፣ ብስክሌት ትችላለህ?»

ከተማ ግራ ቀኙን አየ። «በልጅነቴ…»

«በቃ፣ ትችላለህ።»

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ በፊልቱ መንገድ ያለፈ ሰው ያየውን አይረሳም። ሳጅን ከተማ የደንብ ልብሱን እንደለበሰ፣ ከቢረሳው በተዋሰው ብስክሌት ላይ ቁና ቁና እየተነፈሰ ይነዳል፤ ያቺ ቀይ መብራት ከመቀመጫው ሥር ትብለጨለጫለች። በዛብሽ በፖሊስ ፒካፕ ከኋላው ትመጣለች። መጀመሪያ ፈጥና አለፈችው።

«ጮኸ! ገና ሳይደርሱ ነው የጮኸው!» አለ ከተማ።

«እንግዲያው አልተበላሸም። አንዴ ደግመን እንሞክር። አሁን አትዙር፣ ወደ ፊት ብቻ እይ።»

ሁለተኛ ከኋላው ስትመጣ እሱ ቁልቁለቱን ጀምሮ ነበር። ለማለፍ ቦታ ጠበባትና ነዳጁን ለቀቀች፤ የዚህ አገር ሹፌር ሁሉ ቁልቁለት ላይ እንደሚያደርገው ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጋ መኪናውን ለቀቀችው። ሞተሩ ድምፁ ጠፋ። ዐሥር ሜትር ያህል ከኋላው ሆና፣ እሱ በሄደበት ፍጥነት እኩል ትንከባለላለች። ከተማ ስክሪኑን አየ፤ ዝም ብሏል፣ ባዶ ነው። ቆመች ወይም ተመለሰች ብሎ አሰበ መሰል፣ የግራር ጥላ አይቶ ሳይዞር ፍሬን ያዘ።

በዛብሽ ፍሬኑን በሁለት እግሯ ረገጠችው። ፒካፑ እየጮኸ ከከተማ ጀርባ አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። ከተማ ከነብስክሌቱ ሣር ላይ ወደቀ።

«ኧረ በስመ አብ! ከየት መጣሽ?» አለ፣ አንቱታውን ሁሉ ረስቶ።

በዛብሽ መሪውን እንደጨበጠች ወደ ፊት አየች። ልጅቷ የተገጨችበት ቦታ ከፊቷ መቶ እርምጃ አይሞላም። ራዳሩ ወደ እሱ እየፈጠነ የሚመጣውን እንጂ እኩል የሚሄደውን አያውቅም። ሦስተኛው መኪና የትም አልጠፋም ነበር። ዐሥራ ሰባት ደቂቃ ሙሉ እንደ ብስክሌት እየሄደ ከኋላዋ ነበር።

ፍየል የጫነ ሹፌር ገበያ እያመለጠው ዐሥራ ሰባት ደቂቃ ብስክሌት ይከተላል? አውቶቡስስ? እንዲህ የሚሄድ ሰው አንድ ዓይነት ብቻ ነው። በዛብሽ እሱን ስታስብ ምነው ባልደረስኩበት እስክትል ድረስ ከፋት።

እሑድ ሠልስት ነበር። ቅዳሴ እንዳለቀ በዛብሽ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጣ አንድ ሰው ብቻ ስታይ ቆየች። ዳቦ ዞረ፤ አረሮ ቆርሶ ላጠገቡ ሰው ሰጠ። ውሃ ዞረ፤ ለሽማግሌ አቀበለ። ከዚያ ከንፈሩ እንደደረቀ ተነሥቶ ከአጥሩ ወጣ፤ ማዶ ከጎረቤት ቧንቧ ሥር ጎንበስ ብሎ በእፍኙ ሲጠጣ አየችው። ከተማ ያን ጊዜ ከላከችው ቦታ ተመልሶ መጣና ጆሮዋ ላይ ሁለት ዐረፍተ ነገር ተናገረ። ራሷን ነቀነቀች። «እንግዲያው ጎዳናን አምጣው። ሚስቱም ትምጣ።»

ጎዳና ድንኳኑ ደጃፍ ሲደርስ ድንኳኑ ታመሰ። «ገዳይ!» አለ አንዱ ወታደር። ሻምበል እንዳሻው ተነሣ። በዛብሽ በመሐል ገብታ፣ ሁሉ እያያት የጎዳናን ካቴና ፈታች።

«ሻምበል፣ አንዴ ይስሙኝ» አለች። «ከዚያ ያሻዎትን ይበሉኝ።»

ሻምበሉ ተቀመጠ። ቢረሳው በሩ አጠገብ ቆሟል። አረሮ ከድንኳኑ ምሰሶ ሥር ነው።

«ረሆቦት ከኋላ ነው የተገጨችው፤ ይህን ጎማዋ ይናገራል» ብላ ጀመረች። «ይህ ሰው ከኋላዋ መጥቶ ቢሆን፣ ባዶ መንገድ ላይ ኢሱዙ ከብስክሌት ይፈጥናልና ራዳሩ ይጮኽ ነበር፣ ይመዘግበውም ነበር። አልመዘገበም። መሣሪያው ተበላሽቷል እንዳንል ትናንት እኔና ሳጅን ከተማ ሞክረነዋል፤ ደኅና ነው። ፊልቱ ያለው መካኒክም መብራቱ ከገና በፊት እንደተሰበረ በስልክ ነግሮኛል። ጎዳና እንዳለው ከፊት ለፊቷ መጥቶ፣ ወድቃ ነው ያገኛት።»

«ታዲያ ማን ነው?» አለ ሻምበሉ።

«ሦስት መኪና ቀረባት፣ ሁለቱ አለፏት። አንዱ ቀርቦ ከመዝገቡ ጠፋ። መገንጠያ በሌለበት መንገድ መኪና አይጠፋም። ራዳር የማያየው አንድ ነገር አለ፤ ከብስክሌቷ ጋር እኩል የሚሄደውን። ያ መኪና እኩል ሲከተላት ነበር። ማለፍ አልፈለገም። ቁልቁለቱ ላይ ማርሹን ዜሮ አድርጎ ለቀቀው፤ ስለዚህ ሞተሩም አልተሰማትም። ግመሎቹ መንገድ ላይ ወጡ። ስክሪኑ ዝም ብሏልና ከኋላዬ ማንም የለም ብላ፣ ሳትዞር ፍሬን ያዘች። እሱ ፍሬኑን ለመያዝ ጊዜ አልነበረውም።»

ቢረሳው ከበሩ አጠገብ ወደ አረሮ ዞረ።

«ብስክሌት ተከትሎ የሚያዘግም መኪና የአሠልጣኝ መኪና ነው» አለች በዛብሽ፣ ድምጿ ዝቅ ብሎ። «አረሮ፣ ከዓርብ ጀምሮ በዚህ ድንኳን ሌላውን ስታጠጣ አንተ አንድ ጉንጭ አልቀመስክም። እኔ እዚሁ ነገሌ ነው የተወለድኩት፤ ወጋችሁን አውቃለሁ። ደም ያለበት ሰው ዕርቁ ሳይፈጸም ከሟች ቤት እህል ውሃ አይቀምስም። ለፖሊስ መዋሸት ሆነልህ፤ ለወግህ መዋሸት ግን አልሆነልህም። ይህ ማስረጃ አይደለም፤ እንድመለከትህ አደረገኝ እንጂ። ማስረጃው ጓሮህ በሸራ ሸፍነኸው የቆመው ፒካፕ ነው። ክላቹ ደኅና ነው። የፊት መከላከያው ጎድጉዷል፣ የጎማ ጥቁር ምልክት አለበት። ከተማ ዛሬ ጠዋት አይቶታል።»

አረሮ ምሰሶውን ያዘ።

«ሁለት ሳምንት ተከተልኳት» አለ። «ሻምበል ተው ብለውኛል። እኔ ግን ያን ዕቃ አላመንኩትም። የጭነት መኪና ከኋላ ቢመጣ እኔን ይግጨኝ እንጂ እሷን አይነካም ብዬ ነው። አታውቅም ነበር። ዓርብ ቁልቁለቱ ላይ ቀስ እያልኩ ተጠጋሁ፣ በጣም ተጠጋሁ። አነዳዷ ያምር ነበር። ጉልበቷን እያየሁ… ግመሉን እኔም አላየሁትም።» እንባው ፂሙ ላይ ወረደ። «ወርጄ አቀፍኳት። ትንፋሽ አልነበራትም። ክላክስ ስሰማ ሰይጣን ያዘኝ፤ ዞሬ ሄድኩ። እጄን ልስጥ ብዬ ተነሣሁ፣ ሰው ታሰረ ሲሉኝ አልቻልኩም። ጎዳና፣ ፈሪ ነኝ። ለልጆችህ ፈሪ ነው ያሳሰረኝ በላቸው።»

ወታደሮቹ ተንቀሳቀሱ። ሻምበል እንዳሻው እጁን አንሥቶ አስቆማቸው። የሚጮኽ መስሏቸው ነበር፤ የወጣው ድምፅ ግን ለራሱ እንኳ አልበቃም።

«አንገትሽን አታዙሪ ያልኳት እኔ ነኝ» አለ። «ከኋላዋ የነበርከው አንተ ነህ። ሁለታችን ስንጠብቃት ገደልናት፣ አረሮ።»

ከተማ አረሮን ሊይዝ ቀረበ። ያን ጊዜ ጎዳና፣ «ኢንስፔክተር» አለ። ሁሉም ዞሩ። «ያልተናገርኩት አለ። ሞታ አልነበረም።»

አረሮ ቀስ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ስደርስ ትንፋሽ ነበራት» አለ ጎዳና፣ ምንጣፉን እያየ። «ጋቢና ውስጥም ነበራት። ሆስፒታሉ በር ልንደርስ ስንል ነው ያረፈችው። በሕይወት ነበረች ካልኩ ‹እጅህ ላይ ነው የሞተች› ትሉኛላችሁ ብዬ ፈራሁ። ይቅር በሉኝ።»

እሙሽ ከሦስት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። የሞተ ድምጿ ከየት እንደመጣ እንጃ።

«ተናግራ ነበር?»

«ጥቂት።»

«ና» አለችው። ሰዉ መንገድ ለቀቀለት። ጎዳና በደረቀው ደም እጅጌው አፍሮ እጁን ወደ ኋላ ሲደብቅ፣ እሙሽ ያንኑ እጁን ይዛ ምንጣፉ ላይ አጠገቧ አስቀመጠችው። «ከመጀመሪያው ንገረኝ። አንዲት ነገር እንዳትዘልብኝ፣ ልጄ።»

ከተማ በዛብሽን በዓይኑ ጠየቃት። አረሮን ይዞ እንዳይወጣ በእጇ ምልክት ሰጠችው፤ አረሮም መስማት ነበረበት። ዲንኪቱ ሕፃኑን ከጀርባዋ አውርዳ ከባሏ ኋላ ተቀመጠች።

«ስምሽ ማነው አልኳት» አለ ጎዳና። «እንዳትተኛብኝ ብዬ ነው። ‹ረሆቦት› አለችኝ።»

«አዎ» አለች እሙሽ። «ረሆቦት ናት።»